ከጓሮ ወደ ብርጭቆ፦ የኮሰረት፣ የበሶብላና የጤና አዳም ማራባት ማስታወሻ

ግንቦት 4

የምንኖርበት ግቢ ጓሮ ሊቆፈር ነው። አከራያችን እማማ ከኋላ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ሰርቪስ ቤት ሊያሠሩ ወስነዋል፤ ግንበኛውም ክረምቱ ሳይጠና መሠረቱን ማውጣት አለብኝ ብሏል። ቦታው ለአላፊ አግዳሚ ባዶ ይመስላል። ለእኛ ግን የግቢው ሁሉ የቅመም ጓዳ ነው። በአጥሩ ጥግ ሰው የሚያህል ዳማከሴ አለ፤ ከጎኑ ኮሰረት፣ ከቧንቧው አጠገብ ናና፣ በድንጋይ የተከበበ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሳር፣ የሥጋ መጥበሻ፣ እንዲሁም እማማ በየዓመቱ ዘር በትነው የሚያበቅሉት በሶብላ።

ሌላውን ከገበያ መተካት ይቻላል። ኮሰረቱን ግን የሚተካው የለም። እማማ ወደ ሐዋሳ ሲመጡ ከእናታቸው ጓሮ፣ ከጉራጌ አገር፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ነው። ቅቤ ሲያነጥሩ መዓዛው እስከ መንገዱ ድረስ ይደርሳል። ጓሮው ሳይነካ ከሁሉም ቅርንጫፍ ወስጄ ቤት ውስጥ ላራባ አስቤ ፈቃድ ስጠይቃቸው፣ "ሌላውን እንደ ወደድህ አድርገው ልጄ፤ ኮሰረቴን ግን አደራ" አሉኝ። አደራ የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ቀረ። ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ግንቦት 5፣ ማታ

ዕቃ ስሰበስብ ዋልኩ። ለዚህ ሥራ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ባዶ የማርና የማርማላታ ብርጭቆዎች፣ አንገታቸው የተቆረጠ ሃይላንዶች፣ አዲስ ምላጭ፣ ምላጩን የምጠርግበት አልኮል፣ አሮጌ ጋዜጣ። ጋዜጣው ብርጭቆዎቹን ከውጭ ለመጠቅለል ነው። ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲያልፍ አልጌ፣ ያ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር፣ ይበቅላል። አልጌው ብቻውን ተክል አይገድልም፤ ነገር ግን በሥሩ ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራል፣ የበሰበሰውን ከጤነኛው መለየትም አይቻልም።

ከዕቃው ይልቅ ውሃው ያሳስበኛል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን እናጠራቅማለን። በአንድ በኩል ይህ ይጠቅማል፤ አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ተከፍቶ ያደረ ውሃ ክሎሪኑ በአብዛኛው በንኖ ይወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለነው፤ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድን፣ በተለይም ፍሎራይድ፣ ይበዛበታል። ስለዚህ ግማሹን የዝናብ ውሃ ላደርግ ነው። ከቆርቆሮው ጣሪያ መጀመሪያ የሚወርደውን አልይዝም፤ አቧራውና የወፍ ኩሱ ታጥቦ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ነው በባልዲ የምቀበለው።

ግንቦት 6፣ ማለዳ

ፀሐይ ሳትበረታ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ውሃ ሲስብ ያደረ ቅርንጫፍ ጠዋት ላይ ጠጥቶ ጠግቦ ይገኛል፤ ከሰዓት በኋላ የተቆረጠው ግን ብርጭቆው ውስጥ የሚገባው ቀድሞውኑ ተጠምቶ ነው።

ከበሶብላው ጀመርኩ። ግንዱን በሁለት ጣት መካከል ሲያንከባልሉት ክብ አለመሆኑ ይታወቃል፤ አራት ጠርዝ አለው። የናናውም የዳማከሴውም እንዲሁ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ የሥጋ መጥበሻና ጦስኝም ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። በሶብላና ዳማከሴማ ይበልጥ ይቀራረባሉ፤ በሳይንሱ አጠራር ሁለቱም ኦሲመም የሚለውን የወገን ስም ይጋራሉ። ቅጠሎቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ቀጣዩ ጥንድ ደግሞ የታችኛውን አቋርጦ ይዘረጋል። ቅጠሎቹ ከግንዱ የሚገናኙበት እብጥ ያለ ቦታ አንጓ ነው። ሥር የሚወጣው በአብዛኛው ከአንጓው ወይም ከአጠገቡ ስለሆነ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው እሱን አይቶ ከመቁረጥ ነው።

ከአንጓው በታች ጥቂት ዝቅ ብዬ በምላጭ አንድ ጊዜ ቆረጥኩ። መቀስ ለጋውን ግንድ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ደግሞ ውሃ አይስብም፣ ቶሎም ይበሰብሳል። የቁራጩ ቁመት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የታችኛውን ቅጠል ሁሉ አራገፍኩ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል መሽተቱ አይቀርም። ከላይ ጥቂት ትናንሽ ቅጠሎች ብቻ ቀሩ። ብዙ ቅጠል መተው ለተክሉ ማሰብ ይመስላል። ሥር የሌለው ቁራጭ ግን ቅጠሎቹ የሚያተኑትን ያህል ውሃ መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ ትላልቆቹ ቅጠሎች ይጎዱታል።

አበባ የያዘውን አልወሰድኩም። የእማማ በሶብላ ጫፍ ጫፉ ሐምራዊ እየሆነ ነው። ለበርበሬና ለሽሮ የሚፈለገው እሱ ነውና ለእሳቸው ይቆይላቸው። ወደ አበባ የዞረ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ለዘር ስለሚያውል ሥር ለማውጣት ይለግማል። ከግርጌ ከሚያቆጠቁጠው ለጋ እየመረጥኩ ወሰድኩ።

ከአንጓው በታች ቆርጦ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን ሥር የሚያስወጣው ለምንድን ነው? የተክሉ ጫፍና ለጋ ቅጠሎቹ ኦክሲን የሚባል የዕድገት ሆርሞን ይሠራሉ። ሆላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪትስ ቬንት እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳተመው ሙከራ የዚህን ሆርሞን መኖር ያሳየ ነው፤ የተቆረጠ የአጃ ቡቃያ ጫፍ አጋር በሚባል ጄሊ መሰል ነገር ላይ አስቀምጦ፣ ከጫፉ ወደ አጋሩ የወረደው ነገር ጫፍ የሌለውን ቡቃያ እንደሚያሳድገው አረጋገጠ። ኦክሲን በግንድ ውስጥ በዋናነት ከላይ ወደ ታች ነው የሚጓዘው። መንገዱ በምላጭ ሲቋረጥበት ከቁርጡ በላይ ይጠራቀማል፤ ግንድ የነበሩት ሕዋሳትም እዚያው ሥር ወደመሆን ይለወጣሉ። ቁራጭ ተገልብጦ ሲተከል የማይሆነው ለዚህ ነው። ላይና ታቹን አይረሳም።

ጠጅ ሳር በዚህ አይመራም። እሱ ከጤፍና ከገብስ ቤተሰብ የሆነ ሣር ነው፤ ቅጠሉን ብቻ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ቢጫ ሆኖ ከማለቅ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። የሚያድገው ከታች ካለው ነጭ ወፍራም እግሩ ነው። ከእናት ተክሉ ከነእግሩ ገነጠልኩና ቅጠሉን በግማሽ ቀነስኩለት።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ኮሰረቱን ለብቻው፣ ተረጋግቼ ቆረጥኩት። ቅጠሉን ሲያሹት እጅ ላይ የሚቀረው መዓዛ እስከ ምሳ ድረስ አልለቀቀኝም። ኮሰረት በቤተሰቡ ከናናና ከበሶብላ ይለያል፤ ዘመዱ በየአጥሩ የምናየው የወፍ ቆሎ ነው። ግንዱ ወደ እንጨትነት ስለሚያደላ አስቸጋሪ መሆኑን ከወዲሁ አውቃለሁ። ከዚህ ዓመት ዕድገት ውስጥ ታችው ጠንከር፣ ላዩ ለጋ የሆነውን መረጥኩ። ሲያጥፉት ትንሽ ተለምጦ የሚሰበር ማለት ነው። አንዳንዱን በውሃ አደረግሁ፤ የቀረውን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ሌላ ነገር እስካዘጋጅለት ጥላ ውስጥ አኖርኩት።

ጤና አዳም ሲቆረጥ እጅን መሸፈን ያስፈልጋል። በቡና ስኒ ውስጥ የለመድነው ተክል በመሆኑ ማንም አይጠነቀቀውም፤ ስለዚህ ይህን አበክሬ እጽፋለሁ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣና ጠባሳው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከሎሚና ከብርቱካን ቤተሰብ ነው፤ የሎሚም ጭማቂ ፀሐይ ላይ ይህንኑ ያደርጋል። በእጄ ላይ ፌስታል አጥልቄ፣ ፀሐይ ከግቢው ከዞረች በኋላ ቆረጥኩ፤ ከዚያም እስከ ክንዴ በሳሙና ታጠብኩ። የጎረቤት ልጆችም እንዳይነኩት ቁርጥራጩን ወዲያው ሰበሰብኩ።

ብርጭቆዎቹ ሁሉ በምሥራቁ መስኮት ላይ፣ ከስስ መጋረጃ ጀርባ ተደርድረዋል። ብርሃን ያገኛሉ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኛቸውም። ባለቤቴ መስኮቱን መክፈት እስክትቸገር ድረስ ሞላ።

ግንቦት 8

ውሃ ለወጥኩ። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይህን ማድረግ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ምክንያቱን በደንብ ማስፈር እፈልጋለሁ።

ውሃ ውስጥ ያለ ቁራጭ የሚሞተው ውሃ በዝቶበት ነው ይባላል። ትክክለኛው ምክንያት አየር ማጣት ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ ሥር ሊሆን የተዘጋጀው የግንድ ጫፍም እንዲሁ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠለል ላይ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ሲሆን ወደ 7.5 ይወርዳል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዚህም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ባክቴሪያዎች ከቁርጡ የሚወጣውን እየበሉ ያንኑ ኦክስጅን ይሻማሉ። ውሃው ሲሞቅና ሲቆይ የግንዱ ጫፍ ይታፈናል፤ ከታፈነ በኋላ ይበሰብሳል። ውሃ መለወጥ ማለት አየር መጨመር ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱን ውሃ ከፍ አድርጌ ነው የማወርደው፤ ሲንቆረቆር አየር ይዞ ይወርዳል። ብርጭቆውንም እስከ አፉ አልሞላም፤ አንድ ወይም ሁለት አንጓ ከተሸፈነ ይበቃል። ከላይ የቀረው ግንድ በአየር ላይ ይሁን።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። የቆመ ውሃ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ከተማችን ደግሞ የወባ ነገር የሚያሳስባት ናት። የትንኝ እንቁላል አድጎ እስኪበር በሙቅ ወራት ከሳምንት በላይ ይወስዳል። በየሦስት ቀኑ የሚደፋ ውሃ ያንን ዕድል አይሰጠውም።

እማማ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩና እሬት ቆርጬ ጫፉን እንድነክረው መከሩኝ፤ እናታቸው እንዲያ ያደርጉ ነበር። የናናና የበሶብላ ቁራጮችን እንዳሉኝ አድርጌ ለብቻ አስቀመጥኩ። የሰፈራችን ሰው ማርና ስኳር የሚጨምርም አለ። ስኳሩን አልሞከርኩም፤ በውሃ ውስጥ የተጨመረ ስኳር ከተክሉ ይልቅ ባክቴሪያውን ይቀልባል።

ግንቦት 10

የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ በመስኮቱ በኩል "ጋሼ! ናናው ፂም አወጣ!" እያለ ጠራኝ። እውነቱን ነው። ጋዜጣውን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ከውሃው በታች ካለው አንጓ ዙሪያ ነጭ፣ ቀጫጭን፣ ጫፋቸው ሹል የሆኑ ክሮች ተንዠርግገዋል። ከቁርጡ ሳይሆን ከአንጓው ነው የወጡት። ናና መሬት ላይ እየተሳበ የሚራባ ተክል ስለሆነ በየአንጓው ሥር ለማውጣት ዝግጁ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ብቻ ያወጣዋል። ለጀማሪ ሰው ከናና ሌላ አልመክርም።

እሬት የተነከረውና ያልተነከረው ልዩነት የላቸውም። እማማም አይተው "እሱማ ናና ነው፣ ምን ያስፈልገዋል፤ በኮሰረቱ ነበር ማየት" አሉ።

ግንቦት 13

ከዳማከሴዎቹ አንዱ ሸተተ። ውሃው ደመና መስሏል፤ ግንዱን ስነካው ቆዳው ይሙለጨለጫል፣ ጫፉም ጠቁሯል። አወጣሁት። አንድ የበሰበሰ ቁራጭ አብረውት ያሉትን ሁሉ ይዞ ስለሚሄድ የቀሩትን በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ ጫፋቸውን በምላጭ አድሼ፣ ብርጭቆውን በፈላ ውሃ ካጠብኩ በኋላ መለስኳቸው። ከእንግዲህ በአንድ ብርጭቆ ብዙ አላጉርም።

ግንቦት 15

በሶብላው ሥር አወጣ። የወጣበት መንገድ ከናናው ስለሚለይ ቀርቤ አየሁት። ከቁርጡ ከፍ ብሎ የግንዱ ቆዳ ላይ መጀመሪያ ትናንሽ ነጭ ነጠብጣቦች ታዩ፤ በመርፌ ጫፍ የተወጉ ይመስላሉ። በማግስቱ ከአንዳንዶቹ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ሥር ብቅ አለ። ሥሩ የሚሠራው ከቆዳው በታች ነው፤ ሲጠነክር ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። እኛ የምናየው የሥራውን መጨረሻ ነው። ለቀናት ምንም የማይታይበት ጊዜ ሥራ የተፈታበት አይደለም።

ጠጅ ሳሩም ከነጭ እግሩ ዙሪያ ወፋፍራም ሥሮች ጀምሯል። ከመሃሉም አዲስ ቅጠል ወጥቷል፤ በግማሽ ከቆረጥኩት አሮጌ ቅጠል መካከል ሹል ሆኖ ሽቅብ ይሄዳል።

ግንቦት 19

ኮሰረቱ። የቁርጡ ዙሪያ ነጭ፣ ጎርባጣ ነገር አበቀለ። ሻጋታ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ፤ በጥጥ ስነካው ግን አልተላቀቀም፣ ጠንካራ ነው። ካለስ የሚሉት ነው፤ ቁስሉን የሚደፍን ሕብረ ሕዋስ። መልካም ምልክት ነው፤ ሥር ግን አይደለም። አንዳንድ ተክል ካለሱን ሲያሳድግ ይቆይና ሥር ሳያወጣ ጉልበቱን ይጨርሳል። ውሃ መለወጡን አላቋረጥኩም።

ጤና አዳሙ ውሃውን አልወደደውም። ቅጠሉ ረገፈ፣ ግንዱ ከታች እየጠቆረ ነው። የሥጋ መጥበሻውም አልጠቆረም እንጂ እንደ ተቆረጠ ቆሟል። ሁለቱም ድንጋያማና ደረቅ ቦታ የሚለመልሙ ተክሎች ናቸው፤ ውሃ ውስጥ የሚያጡት አየር ከሌሎቹ ይበልጥ ይጎዳቸዋል። ከግንቦት 6 ጀምሬ ሌላ መንገድ ሳስብላቸው የቆየሁት ለዚህ ነው።

ግንቦት 20

መንገዱ እዚሁ እግራችን ሥር ያለ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የተቀመጠበት ሸለቆ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ ከሐይቁ በስተሰሜንም ኮርቤቲ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ከዚያ የቀረልን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ነጭ ድንጋይ በየግንባታው ቦታ ይገኛል። ውስጡ በሙሉ ቀዳዳ ነው። ሲነከር በቀዳዳዎቹ ውሃ ይይዛል፤ በጠጠሮቹ መካከል ግን አየር ይተርፋል። ሥር የሚፈልጋቸውን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ የሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። በነጻ ማግኘታችን ደግሞ እድላችን ነው።

ለጓሮው ሥራ ከመጣው ክምር በባልዲ ወሰድኩ። በመዶሻ የሽምብራ ያህል አደረግሁት፤ በወንፊት ዱቄቱን አስወገድኩ፤ ዱቄቱ ከቀረ ክፍተቱን ደፍኖ አየሩን ያስቀራል። አጠብኩት፣ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ግርጌያቸው በተበሳ ሃይላንዶች ሞላሁት። ከጓሮው አዲስ ጤና አዳምና የሥጋ መጥበሻ ቆርጬ ተከልኩ፤ ውሃ ውስጥ ከነበሩት ኮሰረቶችም ግማሾቹን አዛወርኩ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ያቆየኋቸው ግን ከዚህ ቀደም ባዘጋጀሁት ጥቂት የዚሁ ድንጋይ ጠጠር ውስጥ ቀድመው ስለተተከሉ እነሱን ለንጽጽር ለብቻቸው አስቀምጫለሁ። የሃይላንዱን የላይኛውን ግማሽ እንደ ክዳን ደፋሁበት፤ ቡሹ ተነሥቷል። እርጥበት ይይዛል፣ በአፉ በኩል ደግሞ አየር ይገባል።

ግንቦት 24

የናናውና የበሶብላው ሥር ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስለደረሰ ወደ አፈር ገቡ። ከዚህ በላይ መጠበቅ አይጠቅምም። ውሃ ውስጥ ያደገ ሥር ስስና ተሰባሪ ነው፤ ከአፈር ምግብ የሚስቡት ፀጉር መሰል ቅንጣቶችም ጥቂት ናቸው። በረዘመ ቁጥር ሲተከል ይበልጥ ይሰበራል። በዚያ ላይ ውሃ ብቻውን ምግብ የለውም፤ ከቆየ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል።

አፈሩ፦ ከጓሮው አንድ እጅ፣ የበሰበሰ ፍግ አንድ እጅ፣ በመዶሻ የተሰባበረው ቀላል ድንጋይ አንድ እጅ። የተክል ዕቃዎቹ የቀለም ባልዲዎች ናቸው፤ ግርጌያቸውን በጋለ ምስማር በሳሁ። ሥሩን በጉድጓዱ ውስጥ ዘርግቼ አፈሩን በእጄ ሳልጫን አለበስኩትና ውሃው ራሱ እንዲያስቀምጠው አጠጣሁ። ናናውን ለብቻው አድርጌዋለሁ፤ ከሌላ ጋር ከተተከለ ቦታውን ሁሉ ይወርሳል።

ግንቦት 26

በሶብላው እኩለ ቀን ላይ ጠወለገ። ማታ ቀና አለ። ሥሩ አፈር እስኪለምድ ድረስ የሚጠበቅ ነው፤ ጥላ ውስጥ አቆይቼ አፈሩ እንዳይደርቅ እጠብቃለሁ።

ሰኔ 2

ኮሰረቱ ሥር አወጣ!

ድንጋዩ ውስጥ ያሉትን በቀስታ ሳብ አደረግኋቸው። እሺ አላሉም፤ የያዛቸው ነገር አለ። አንዱን በማንኪያ ከነጠጠሩ አንሥቼ አየሁት፤ ቢጫማ ነጭ ሥሮች በድንጋዮቹ ቀዳዳ ውስጥ ገብተዋል፣ አንዷ ጠጠር ከሥሩ ጋር ተንጠልጥላ ወጣች። ከውሃ ወደ ድንጋይ የተዛወሩት ካለሳቸው ነበራቸውና እነሱም ጀምረዋል፤ ሥራቸው ግን ገና አጭር ነው። ውሃ ውስጥ የቀሩት ደግሞ አንዳንዶቹ ጥቂት ሥር አላቸው፣ የቀሩት በካለስ ላይ እንዳሉ ናቸው። ፍርዴን እጽፋለሁ፦ ለኮሰረት ውሃ ይቻላል፤ የሚያዋጣው ግን ድንጋዩ ነው።

እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠጠሯን የያዘውን ሥር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። "በል፣ መልሰህ ትከለው፤ አየር አይምታው" አሉኝ።

ሰኔ 6

ዝናብ። የጣሪያው ውሃ በሽ ነው። ዳማከሴዎቹም አፈር ገብተዋል፤ ከበሶብላው በኋላ ሥር ቢያወጡም በመትከሉ ጊዜ ከእሱ ይልቅ ቻይ ሆነዋል፣ አልጠወለጉም። ከግቢው ተከራዮች አንዷ ልጇን ምች መታው ብላ ቅጠል ፈልጋ መጣች። ከትልቁ ዛፍ ቆርጬ ሰጠኋት፤ አዲሶቹ ገና ናቸው።

ሰኔ 12

ጠጅ ሳሩ ባልዲውን ሊሞላ ነው። ለሻይ ብቻ ይህ ሁሉ አያስፈልገንም፤ ለሚፈልግ ሁሉ ከነእግሩ እየገነጠልኩ እሰጣለሁ። ለሥራ ጉዳይ ወደ ወንዶ ገነት ሄጄ ነበር። የመዓዛማና የመድኃኒት ተክሎች ምርምር የሚካሄድበት አካባቢ በመሆኑ ጠጅ ሳር በማሳ ተዘርግቶ ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም። በዘር የሚዘራው የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያም እናት ተክሉን እየከፈሉ ነው የሚተክሉት። እኔ ብርጭቆ ውስጥ ያደረግሁት በትንሹ ያው ነው። አየር የተሞላበት አፈርና ብዙ ውሃ እስካለው ድረስ የሚጠይቀው ሌላ ነገር የለም።

ሰኔ 18

የጤና አዳሙ ጫፍ አዲስ ቅጠል ጀመረ፤ አመድማ አረንጓዴ፣ ትንንሽ። ቅጠል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቁራጭ በስንቁም ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ሳብ አደረግሁት፤ ያዘ። የሃይላንዱን ክዳን በአንድ ጊዜ አላነሣሁም፤ መጀመሪያ ዘንበል አድርጌ፣ በማግስቱ ለግማሽ ቀን፣ ከዚያም ጨርሶ። በእርጥብ አየር የኖረ ቅጠል ድንገት ደረቅ ነፋስ ካገኘው ይረግፋል።

የሥጋ መጥበሻው ገና ነው። ግንዱ አረንጓዴ ነው፣ አልሞተም። እንጨትማ ተክል ከወር በላይ መጠበቅን ይጠይቃል።

ሰኔ 24

ቆፋሪዎቹ ዛሬ ማለዳ መጡ። ትልቁ ኮሰረት ተነቅሏል። ሥሩ ወፍራም ስለነበር ልጆቹ ተጋግዘው ነው ያወጡት፤ ቅጠሉን እማማ ለማድረቅ በሰፌድ አድርገው ወደ ጓዳ አስገቡት፣ ለቅቤ ይሆናል። የዳማከሴውም ቅጠል ለጎረቤት ተከፋፈለ። የእኛዎቹ ባልዲዎች በግቢው የፊት ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል፤ የጠዋት ፀሐይ አለ፣ የቀትሩን የጎረቤት ፎቅ ይከልላል። ባልዲዎቹን መሬት ላይ አላስቀመጥኳቸውም፤ ሁለት ሁለት ድንጋይ አድርጌ ከፍ አድርጌያቸዋለሁ።

የእማማ ልጅ ነገ ወደ አዳማ ትመለሳለች፤ ኮሰረት ይዛ እንድትሄድ እማማ አዘዋል። ሥሩ የበረታውን መርጬ ከነጠጠሩ በእርጥብ ጋዜጣ፣ ከዚያም በላላ ፌስታል ጠቀለልኩ። አዳማ ከእኛ ይልቅ ይሞቃል፤ መመሪያውን በወረቀት ጽፌ አስያዝኳት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥላ ውስጥ ይቆይ። አፈሩ ላይኛው ጣት ያህል ደረቅ ሲል ይጠጣ፤ በየቀኑ አይደለም። ቅጠል መቁረጥ የሚጀመረው ጎን ለጎን አዲስ ቅርንጫፍ ካወጣ በኋላ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከሲሶው በላይ አይነካ። የባልዲው ግርጌ ቀዳዳም በአፈር እንዳይደፈን ጠጠር ይነጠፍበት።